ጆሹዋ አንግሪስት፦ ከቁጥር በስተጀርባ ያለውን ምክንያት የሚፈልጉ ኢኮኖሚስት

አንድ የሙያ ኮርስ የጨረሱ ሰዎች ካልተማሩት ይልቅ ቶሎ ሥራ አገኙ ቢባል፣ ሥራውን ያስገኘላቸው ኮርሱ ነው ማለት ይቻላልን? ምናልባት የተመዘገቡት ሰዎች ከመጀመሪያውም ዕብራይስጥ የሚችሉ፣ ልጅ የሚይዝላቸው ዘመድ ያላቸው ይሆናሉ። እንዲህ ከሆነ ልዩነቱ የመጣው ከኮርሱ ሳይሆን ከሰዎቹ ሁኔታ ነው። ይህን ዓይነቱን ጥያቄ በጥንቃቄ ለመመለስ የሚያስችል ዘዴ ካበጁት ምሁራን አንዱ ፕሮፌሰር ጆሹዋ አንግሪስት ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የሄዱበት መንገድ እኛንም ይመለከታል፤ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን የመጡ ልጆቻችን በዚሁ ዘዴ ተጠንተዋልና። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሕይወት ታሪካቸው ባጭሩ

አንግሪስት በ1960 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮለምበስ ከተማ ተወለዱ። በ1982 ከኦበርሊን ኮሌጅ ከተመረቁ በኋላ እስከ 1985 እስራኤል ውስጥ ኖረዋል፤ በእስራኤል መከላከያ ሠራዊትም በፓራሹት ወታደርነት አገልግለዋል። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1989 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ አግኝተው በሃርቫርድ፣ ቀጥሎም በኢየሩሳሌም በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ከ1996 ጀምሮ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ናቸው። በ2021 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ ግማሹ ለዴቪድ ካርድ፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ ለአንግሪስትና ለጊዶ ኢምበንስ ሆኗል።

ዕጣና ደመወዝ

ወታደር የነበረ ሰው ገቢው ያነሰ ሆኖ ቢገኝ ምክንያቱ ውትድርናው ነው ወይስ ሌላ? አንግሪስት መልሱን የፈለጉት በቬትናም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በወጣው የምልመላ ዕጣ ነው። ዕጣው የወጣው በልደት ቀን ስለነበረ ሀብታም ድሀ፣ የተማረ ያልተማረ አይለይም ነበር። በመሆኑም ዕጣው የደረሳቸውና ያልደረሳቸው ወጣቶች በሌላው ነገር ሁሉ ተመሳሳይ ነበሩ ማለት ይቻላል። በ1990 የወጣው ጥናታቸው እንዳሳየው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የነጮቹ ዘማቾች ገቢ ካልዘመቱት በ15 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር።

ይሁን እንጂ ዕጣው የደረሰው ሁሉ አልዘመተም፤ ዕጣው ሳይደርሰው በፈቃዱ የዘመተም ነበር። በ1994 አንግሪስትና ኢምበንስ እንዲህ ያለው ስሌት የሚናገረው ስለ ሁሉም ሰው ሳይሆን፣ ዕጣው ውሳኔያቸውን ስለለወጠባቸው ሰዎች ብቻ መሆኑን አስረዱ። የኖቤል ሽልማቱ በተለይ የተሰጣቸው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

የራምባም ደንብ

ራምባም ከስምንት መቶ ዓመታት በፊት፣ በአንድ መምህር ፊት የሚቀመጡት ልጆች ከ40 ከበለጡ ሁለት መምህራን ያስፈልጋሉ ሲሉ ጽፈዋል። የእስራኤል ትምህርት ቤቶችም አንድ ክፍል ከ40 ተማሪ እንዳይበልጥ በሚል ደንብ ሲሠሩ ቆይተዋል። ስለዚህ በአንድ የክፍል ደረጃ 40 ልጆች ከተመዘገቡ ሁሉም አብረው ይማራሉ፤ 41ኛው ሲመጣ ግን ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ በአማካይ ወደ 20 ይወርዳል። የአንድ ልጅ መምጣት የክፍሉን መጠን በግማሽ ይቀንሰዋል ማለት ነው።

አንግሪስትና ፕሮፌሰር ቪክቶር ላቪ ይህን ተጠቅመው በ1999 ባወጡት ጥናት፣ በአነስተኛ ክፍል የተማሩ የ5ኛ ክፍል ልጆች በንባብና በሒሳብ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ጻፉ። የሚያስመሰግናቸው ደግሞ በ2019 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ጥያቄውን በአዲስ መረጃ መልሰው ሲመረምሩት፣ የክፍል ማነስ ውጤት እንዳሻሻለ የሚያሳይ ማስረጃ አለማግኘታቸውን ሳይደብቁ ማውጣታቸው ነው።

ሁለቱ ምሁራን ዝቅተኛ የባግሩት ውጤት በነበራቸው ትምህርት ቤቶችም በዕጣ የተመሠረተ ሙከራ አካሂደዋል። ባግሩት ላለፉ ተማሪዎች የገንዘብ ሽልማት ተሰጠ። በ2009 በታተመው ውጤት መሠረት ባግሩት ያገኙ ሴት ልጆች ቁጥር ሲጨምር በወንዶቹ ላይ ግን ለውጥ አልታየም።

የዘመቻ ሰለሞን ልጆች

እንደሚታወቀው በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ እስራኤል ገቡ። በዚያ ጥድፊያ ቤተሰቦች በየሀገሩ ወዳሉት መርከዝ ክሊታዎች የተላኩት ቦታ እንደተገኘ እንጂ በምርጫቸው አልነበረም። ልጆቹም የገቡት መርከዙ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ነበር። ማንም ሳያስበው ዕጣ እንደ ማውጣት ሆነ።

ይህን ያስተዋሉት ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክቶር ላቪና ዳንኤሌ ፓሰርማን ልጆቹን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተከታትለው በ2004 ጥናታቸውን አሳተሙ። አንደኛ ደረጃን በተሻለ ትምህርት ቤት የጀመሩት ልጆች ትምህርት ማቋረጣቸውና ክፍል መድገማቸው ቀንሶ፣ ባግሩት የማለፍ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ።

የዚህ ጥናት ክብደት ወዲህ ነው። የልጆቻችን ውጤት ዝቅ ሲል «ወላጆቹ ስላልተማሩ ነው»፣ «ባህላቸው ነው» የሚል ንግግር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ከአንድ ሀገር የመጡ፣ በአንድ ጊዜ የደረሱ፣ የወላጆቻቸውም ሁኔታ ተቀራራቢ ነበር። የተለያየው የተቀበላቸው ትምህርት ቤት ነው። የቤተሰብ ሁኔታ ምንም ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ የገባበት ትምህርት ቤት ለብቻው ዕድሉን ሊለውጥ እንደሚችል ጥናቱ አሳይቷል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በስብሰባም ሆነ በጋዜጣ ስለ ማኅበረሰባችን ቁጥር ሲቀርብ ቁጥሩን ከመቀበላችንም ከመቆጣታችንም በፊት፣ «ከማን ጋር ተነጻጽሮ?» ብለን እንጠይቅ። ከአምስት ዓመት በፊት የመጣን ልጅ እዚሁ ተወልዶ ካደገ የጠበቃ ልጅ ጋር ማወዳደር ስለ ልጁ ችሎታ ብዙ አይነግረንም። ለልጃቸው ትምህርት ቤት የሚመርጡ ወላጆችም፣ አንደኛ ክፍል ገና ነው፣ ኋላ ይስተካከላል ብለው እንዳያልፉት ይመከራል። የ1991 ልጆች ታሪክ የሚያሳየው የመጀመሪያው ደጃፍ እስከ ባግሩት ድረስ ተከትሎ እንደሚሄድ ነው።