ስለ ታመነው ሐሰትና ስላልታመነው እውነት

በ1704 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በዚያው ነው) ራሱን ጆርጅ ሳልማናዛር ብሎ የሰየመ አንድ ወጣት፥ ዛሬ ታይዋን ስለምትባለው ስለ ፎርሞዛ ደሴት በሎንዶን ከተማ መጽሐፍ አሳተመ። እርሱም የደሴቲቱ ተወላጅ ነኝ ይል ነበር። ነገሩ ግን ፈጽሞ ሐሰት ነው፤ ፎርሞዛን በዓይኑ አላያትም፤ የተወለደውም በደቡብ ፈረንሳይ ሳይሆን አይቀርም። ፊደሉንና ቋንቋውን ከልቡ አንቅቶ ፈጠረ፤ በየዓመቱ 18,000 ወንዶች ልጆች ታርደው ልባቸው ለጣዖት ይሠዋል ብሎ ጻፈ፤ ያገሬ ልማድ ነው እያለም በሰው ፊት ጥሬ ሥጋ ይበላ ነበር። ሰውም ይህን ሁሉ አመነ። የሎንዶኑ ኤጲስ ቆጶስ ሄንሪ ኮምተን በደስታ ተቀበሉት፤ ወደ ኦክስፎርድም ተላከ፤ መጽሐፉም በማግሥቱ ዓመት ዳግመኛ ታተመ።

ስለ ምን ታመነ ቢባል፥ ሐሰቱ እጅግ የረቀቀ ስለ ሆነ አይደለም። በቻይና አገር ኖሮ የተመለሰ ፎንቴኔይ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ሮያል ሶሳይቲ በተባለው የሊቃውንት ጉባኤ ፊት ተከራክሮት ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕዝብ ኢየሱሳውያንን ይጠላ ነበርና፥ ሳልማናዛርም በመጽሐፉ እነርሱን አጥብቆ ስለ ነቀፈ፥ የቄሱ ምስክርነት እንደ ጠላት ቃል ተቈጠረ። ከዚህም የባሰ አለ። ሳልማናዛርን ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አስገብቶ ያስጠመቀው ኢነስ የሚባል የስኮትላንድ ጦር ቄስ፥ አንዱን የላቲን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ወደ ፎርሞዛ ቋንቋ እንዲመልስ አዘዘው፤ ሁለቱ ትርጕሞች ሳይስማሙ ስለ ቀሩ ሐሰቱን ከሁሉ አስቀድሞ ዐወቀ። ዐውቆም ዝም አለ፤ ስለዚሁ ሥራውም ሹመት አገኘ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ነገር የሚያሳፍረው የወጣቱ ድፍረት ብቻ አይደለም።

ከ70 ዓመት በኋላ በዚያችው በሎንዶን ተቃራኒው ነገር ሆነ። ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ባላባት በ1769 በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ። በቍስቋም፥ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፥ በፈንጣጣ የታመሙትን ልጆች በማከሙ ተወደደ፤ ራስ ሚካኤል ስሑልንም ዐወቀ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ግሽ ወርዶ የዓባይን ምንጭ አየ። በ1774 ወደ ሎንዶን ተመልሶ ያየውን ቢናገር ግን ሳቁበት። ይልቁንም ሰዎች ጥሬ ሥጋ ሲበሉ አየሁ ማለቱን መሳለቂያ አደረጉት። ሳልማናዛር ጥሬ ሥጋ በመብላቱ ታመነ፤ ብሩስ ጥሬ ሥጋ ሲበላ አየሁ በማለቱ ሐሰተኛ ተባለ! ብርንዶ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ የጎንደር ሰው ይህን ቢሰማ በማን ይስቅ ኖሮአል? (ነፍሷ ካልወጣ ላም ሥጋ ሲቈርጡ አየሁ ያለው ግን ለብቻው የሚመረመር ነገር ነው።) ብሩስም ተቈጥቶ መጽሐፉን ለብዙ ዘመን አዘገየ። በ1790 በ5 ቅጽ ባሳተመው ጊዜም ፌዙ አልቀረለትም፤ በ1792 የባሮን ሙንሃውዘን የቅጥፈት ታሪክ ተከታይ ክፍል ሲወጣ መታሰቢያነቱ በስላቅ ለብሩስ ተደረገ።

ዝነኛው ደራሲ ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ሁለቱንም ሰዎች ዐውቆአል። በወጣትነቱ፥ በ1735፥ የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጕዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበርና አገራችን ለእርሱ እንግዳ አልነበረችም። ይሁን እንጂ ከብሩስ ጋር ተገናኝቶ ከተነጋገረ በኋላ ቈይቶ ተጠራጠረው፤ ሽማግሌውን ሳልማናዛርን ግን እንደ ቅዱስ ሰው ያከብረው ነበር። ለጆንሰን ፍርድ መስጠት ይገባል፤ እርሱ ያከበረው ቀጣፊውን ሳይሆን ንስሓ የገባውን ነው። ሳልማናዛር በጽኑ ታሞ ከዳነ በኋላ ተጸጽቶአል፤ በ1747 በታተመ የጂኦግራፊ መጽሐፍም ስለ ፎርሞዛ የጻፈው ሁሉ ሐሰት መሆኑን በገዛ እጁ ገለጠ። በ1763 ሞተ፤ በ1764 የታተመው የሕይወቱ ታሪክም ሙሉ ኑዛዜ ነው። የኢነስ ተንኰል የታወቀው ከዚሁ መጽሐፍ ነው። ቀድሞ ያታለላቸው አንባቢዎች ኑዛዜውን አምነው መቀበላቸው ያስደንቃል፤ እውነተኛ ስሙን ግን በዚያም ሳይጽፍ ቀረ።

ለብሩስ ከመሰከሩለት አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው። አብራም የሚባል የጎንደርን ከተማ የሚያውቅ ሰው በሕንድ አገር በካልካታ ከሊቁ ከዊልያም ጆንስ ጋር ተገናኝቶ፥ ብሩስን በጎንደር ያውቀው እንደ ነበረ ተናገረ፤ ቃሉም የብሩስ መጽሐፍ ከመውጣቱ 2 ዓመት አስቀድሞ በ1788 ታተመ። ከዚህ ይልቅ የሚበልጥ ምስክር ደግሞ በብራና ላይ ነበረ። ብሩስ መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ አስጽፎ አንዱን ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ፥ አንዱን ለኦክስፎርድ ሰጠ። ሪቻርድ ሎረንስም የኦክስፎርዱን ቅጂ ተርጕሞ በ1821 ባሳተመ ጊዜ፥ ኤውሮጳ ከብዙ መቶ ዓመት ወዲህ ሙሉውን ያላየችውን መጽሐፍ አነበበች። ይህን ከልብ አንቅቶ መፍጠር አይቻልም።

ነገር ግን ብሩስም ንጹሕ አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽን አይቶ ሳለ፥ ከኤውሮጳ ሰዎች እኔ ቀዳሚ ነኝ ለማለት ፓኤዝንም ሎቦንም ሐሰተኞች አደረገ። የሚከፋው ግን ሌላው ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ሥዕል ሊሥልለት አብሮት መጥቶ ነበር። ብሩስ በመጽሐፉ ባሉጋኒን ከግሽ ጕዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ሥዕሎቹንም የራሱ አስመሰለ። ከብሩስ ሞት በኋላ የተመረመሩት ወረቀቶች ግን ባሉጋኒ ግሽ አብሮት ወርዶ እንደ ነበረና በ1771 ጎንደር ላይ እንደ ሞተ አስረዱ። አንባቢዎች ብሩስን በተናገረው እውነት ሲከሱት፥ ይህን ሐሰቱን የሚጠይቀው አልነበረም፤ ሊከራከረው የሚችለው አንድ ሰው በጎንደር ተቀብሮአልና። ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ ስለ ዕፀዋቱ ሥዕሎች በ1991 የታተመው መጽሐፍም በባሉጋኒ ስም ወጣ።