ሁለት ጨዎች
የእንግሊዝ ጨው (ማግኒዥየም ሰልፌት) እና የ1 ሊትር ሳላይን ከረጢት

በግራ ያለው መራራ ጨው ስሙን በአውሮፓ ያወጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእንግሊዟ ኤፕሰም የምንጭ ውኃ ነው። ሲጠጣ ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረው ውኃ ወደ አንጀት ስቦ ያስቀምጣል።

በቀኝ ያለው በ1 ሊትር ውኃ 9 ግራም የምግብ ጨው ይዟል። ጨዋማነቱ ከደም ጋር ስለሚቀራረብ የደም ሕዋሳትን አያኮማትርም፣ አያሳብጥም። በ1832 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ላታ ኮሌራ ላደረቃቸው ሕሙማን የጨው ውኃ በደም ሥር ሰጠ። የመጀመሪያዋ ታካሚ፣ በሞት አፋፍ የነበሩ አሮጊት፣ ነቅተው ተናገሩ፤ ፈሳሹ ሲቋረጥ ግን ከሰዓታት በኋላ አረፉ።

የግራው ውኃ ያስወጣል፤ የቀኙ የወጣውን ይተካል። ተቅማጥ ለያዘው ሰው የግራው አይሰጥም።