ትሮል

አንዲት ሴት የእናቷን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አውጥታ «እማዬ አረፈች» ብላ ጻፈች እንበል። ከሥሩ «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ተደርድሯል። መሃል ላይ አንድ የማታውቀው ሰው የሚስቅ ፊት ይለጥፋል። ሰዎች ሲሰድቡት ደግሞ ሌላ ይጨምራል።

ትሮል የሚባለው ይህ ሰው ነው። እኛ «ነገር ፈላጊ» የምንለው ይቀርበዋል፤ ነገር ፈላጊ ግን ብዙ ጊዜ ቂም ወይም ጥቅም አለው። ትሮል የሚፈልገው የሌላውን መናደድ ብቻ ነው። ስለዚህ በማስረጃ መርታት አይቻልም፤ ሲጀመር ክርክር ውስጥ አልገባም።

ምን ያገኝበታል? እ.ኤ.አ. በ2014 ካናዳዊቷ ተመራማሪ ኤሪን በክልስና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ትሮል ማድረግ ደስ ይለናል ያሉ ሰዎች በሌላው ሥቃይ የመደሰት ዝንባሌ ጎልቶ ታይቶባቸዋል። ጭካኔ ነው፤ ቀልድ እያሉ ማለሳለስ አይገባም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድና የኮርኔል ተመራማሪዎች ያሳዩት ነው። ከተራ ሰዎች ለአንዳንዶቹ ከባድ ፈተና ሰጥተው ስሜታቸውን ካበላሹ በኋላ ሁሉንም ውይይት ውስጥ አስገቧቸው። ቀድሞ የተጻፈ ስድብ ያገኙት፣ በተለይ የከፋቸው፣ እነሱም ወደ መሳደቡ አዘነበሉ። ማለትም ከሥራ ተበሳጭቶ የገባ ጨዋ ሰውም ለአንድ ምሽት ትሮል ሊሆን ይችላል።

«ዝም በሉት» የሚለው ምክር ለዚህ አይበቃም። የገጹ ባለቤት የመጀመሪያውን ስድብ ቶሎ ማጥፋት አለበት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ያንን አይቶ ነው የሚጽፈው።