ከአዱሊስ እስከ ዶራሌ፦ ብረትና የብረት ትምህርት

ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ ባለው በዶራሌ ወደብ ከመርከብ ከሚራገፈው ጭነት መካከል ወደ አገራችን የሚገባ ብረት ይገኝበታል። የኮንቴይነሩ ወደብ በ2001 ዓ.ም.፣ ልዩ ልዩ ጭነት የሚያስተናግደው ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመርም የተመረቀው በዚያው በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚህ በር የሚገባው ፌሮ፣ ላሜራ፣ እንዲሁም ፋብሪካዎቻችን አግለው የሚያቀጥኑት ድፍን ብረት ነው።

ብረት ከባሕር መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት ስሙ ያልታወቀ አንድ ሰው ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በግሪክኛ በጻፈው መጽሐፍ፣ በአዱሊስ ከሚራገፉት ዕቃዎች መካከል ለጦር መሥሪያ የሚሆን ብረትን፣ ከህንድም የሚመጣ ብረትንና አረብ ብረትን ይቆጥራል። «አረብ ብረት» የሚለው የአማርኛ ስም ራሱ ዕቃው ከባሕር ማዶ ይመጣ እንደነበር የሚጠቁም ይመስለናል።

ይህ ማለት ግን አገሬው ብረት ማውጣት አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። ቀጥቃጩ የብረት ድንጋይ ለቅሞ፣ ከከሰል ጋር በጭቃ ምድጃ ደርድሮ በወናፍ ያናፋ ነበር። ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ የወናፍ ምድጃ ይህን ያህል አይግልም። ስለዚህ ብረቱ ቀልጦ አይፈስም፤ ከከሰሉ የሚነሣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክሲጅኑን ከድንጋዩ ይነጥቃል፣ ቆሻሻው ቀልጦ ይወርዳል፣ ብረቱም የተቦረቦረ ጓል ሆኖ ይቀራል። ጓሉን ደጋግሞ እያጋሉ በመዶሻ ሲቀጠቅጡት የተረፈው ቆሻሻ ይወጣለታል። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ካርቦን ሲገባበት ለስላሳው ብረት ወደ አረብ ብረት ይለወጣል፤ ካርቦኑ ከመቶ ሁለት እጅ ካለፈ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ቀጥቃጩ ይህን ቁጥር አያውቅም። የጋለውን ብረት ቀለም አይቶ ከእሳት መቼ እንደሚያወጣውና ውኃ ውስጥ መቼ እንደሚነክረው ግን ያውቃል። የኬሚስትሪ መምህር ለዚህ ትምህርት ከሰፈሩ ቀጥቃጭ የተሻለ ረዳት የሚያገኝ አይመስለንም።

ይህን የሚያውቀው ሰው ታዲያ ምን ተባለ? «ጠይብ» ተባለ፤ «ቡዳ» ተባለ። ማረሻውን የሚፈልገው ገበሬ ልጁን አይድርለትም ነበር። በዚህ ምክንያት ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ይተላለፍ ነበር እንጂ ሌላ ተማሪ አላገኘም፤ የጻፈውም የለም። ማዕድኑም ሆነ ብልሃቱ በእጃችን እያለ ያጣነው ተማሪውን ነው ለማለት እንደፍራለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ልማድ ለመስበር የሞከሩት ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ነው። ከስዊዘርላንዱ የክሪሾና ማሠልጠኛ የመጡትን ባለ እጅ ሚሲዮናውያን፣ እነቴዎፊሎስ ቫልድማየርን፣ እንዲሁም ፖላንዳዊውን ሞሪትስ ሆልን በዚያ አሰፈሯቸው፤ ወጣቶችም ከእነሱ ንባብና የእጅ ሥራ እንዲማሩ አደረጉ። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት ሰዎች መድፍ ሥሩ ሲባሉ መጨነቃቸው አልቀረም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሽፈዋል፤ ሆኖም በ1859 ዓ.ም. ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። በየክፍሉ «የብረት መድፍ» ሲባል እንሰማለን፤ ሴባስቶፖል ግን ነሐስ ነው። ነሐስ በ1000 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ በጋፋት ምድጃ ሊፈስ ቻለ፤ ብረትን እንዲሁ ለማፍሰስ ሌላ ዓይነት ምድጃና ሌላ ዓይነት ዕውቀት ያስፈልግ ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ሲሞቱ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ ከነክብደቱ ተራራው ላይ ቀረ።

ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብ ከለከሉ። አዋጁ ትልቅ ነገር ነው፤ ስድብ መከልከል ግን ቀጥቃጩን መምህር አላደረገውም። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የተቋቋመው ወርክሾፕ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የቶርኖና የጥገና ሙያ አስተማረ። የኢንጂነሪንግ ኮሌጅም በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ።

ከዚህ ላይ አንድ የውጭ አገር ታሪክ እናንሣ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኮርያ ዘመተ። ወታደሮቻችን የደረሱባት አገር በጦርነት የፈራረሰች ነበረች፤ የፖሃንግ ከተማም አንድ ዓመት ሳይሞላ በፊት የጦር ሜዳ ሆና ነበር። በዚያችው ፖሃንግ እ.ኤ.አ. በ1968 የብረታ ብረት ኩባንያ ተቋቋመ። ለሥራው ከዋለው ገንዘብ ከፊሉ ጃፓን ለቅኝ ግዛቱ ዘመን ማካካሻ የከፈለችው ነው። በ1973 በዓመት አንድ ሚልዮን ቶን ያህል ማምረት የሚችለው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1986 ኩባንያው ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ፤ በ2005 ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለ ብረትና አረብ ብረት ብቻ የሚመራመር፣ በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ የሚያስተምር የድኅረ ምረቃ ተቋም ተከፈተ።

ከፋብሪካው ኩባንያ እስከዚህ ተቋም 37 ዓመት አለፈ። በጋፋት ምድጃውና ትምህርቱ የተጀመሩት ባንድ መንደር፣ ባንድ ጊዜ ነበር፤ የቆዩት ግን 10 ዓመት እንኳ አይሞላም።