የኮቦ ሥርዓትና የደን ጥበቃ በከፋና በሸካ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኙት የከፋና የሸካ ደኖች ሰው ያልደረሰባቸው ጫካዎች ሆነው ኖረው አያውቁም። በውስጣቸው ቡና ይለቀማል፤ ኮረሪማና ጥምዝ ይሰበሰባል፤ በረጃጅሙ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቀላል። ጌተም የተባለው ዛፍ ሲያብብ የሚቈረጠው ነጭ ማር በተለይ የተወደደ ነው። ስለዚህ ከፋ በ2002 ዓ.ም.፣ ሸካም በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብለው በተመዘገቡ ጊዜ፣ በካርታ ላይ በቀጠና የተከፋፈለው ደን ቀድሞውኑ ሌላ ድንበር የነበረው ደን ነው።

ያንን ድንበር የሠራው በአገሬው ቋንቋ ኮቦ የሚባለው ሥርዓት ነው። ኮቦ አንድ ሰው ቀፎውን የሚሰቅልበት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የደን ድርሻ ነው። ባለኮቦው ሳይፈቅድ ሌላ ሰው በዚያ ቀፎ ሊሰቅል አይችልም። ባለኮቦውም ራሱ ቀፎ ተሸካሚውን ዛፍ ቢጥል የሚያጐድለው የገዛ ማሩን ነው። በእምነት የተከበሩ ሥፍራዎችም ለደኑ ከለላ መሆናቸው እሙን ነው፤ ይሁን እንጂ ስለ ሸካ ደን ሲነገር የአምልኮው ነገር ጐልቶ የማሩ ጥቅም መዘንጋቱ ታሪኩን ያጣምመዋል። ሰው ደኑን የጠበቀው ስለሚፈራው ብቻ ሳይሆን ስለሚበላበትም ነው።

በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት የተካሄደው ዘመቻ የከፋን መንግሥት አፍርሶ ንጉሡን ጋኪ ሸሮቾን ለምርኮ ከዳረገ በኋላ የመሬቱ ጌታ ተለወጠ፤ የቀፎው ልማድ ግን አልጠፋም። ከዚያ የበለጠ ለውጥ ያመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ ጭሰኛውን ከባለ መሬት ቀንበር ማውጣቱ አይካድም። ነገር ግን የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲባል፣ ባለኮቦው እንግዳ መጥረቢያን ሊከለክል የሚችልበት ሥልጣን በሕግ ፊት ዋጋ አጣ። በመንግሥት እጅ የገባው ደን ጠባቂ ባጣበት ሥፍራ ሁሉ ለቀደመው ቈራጭ ሆነ፤ ከፊሉም ለሻይና ለቡና ተክል ተሰጠ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በቦንጋ አካባቢ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት የጀመረው የአሳታፊ ደን አስተዳደር ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ነበር። የደኑ ተጠቃሚዎች ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ይገባሉ፤ ደኑን ጠብቀው ማሩንና ቡናውን ይወስዳሉ። ሕጉ ግን ከሥራው ዘግይቶ ደረሰ። የ1999 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 542 የሚያውቀው የመንግሥትንና የግል ደንን ብቻ ነበር፤ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን በባለቤትነት የታወቀው በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ነው።

እዚህ ላይ «ማኅበረሰብ» የሚለው ቃል ራሱ መመርመር አለበት። በከፋ ሕዝብ መካከል ማንጆ የሚባሉት ወገኖች በአደንና ጫካ በማሰስ የኖሩ፣ ኋላም ማገዶና ከሰል እየሸጡ የሚያድሩ ናቸው። ጐረቤቶቻቸው ከማዕድ እስከ ጋብቻ ሲያገሉአቸው ኖረዋል፤ የእርሻ መሬታቸውም ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። የደን ውል በመጀመሪያ የሚከለክለው አደንንና ከሰልን ሲሆን፣ የሚፈቅደው ደግሞ ቀፎንና ቡናን ነው። ስለዚህ ቀፎና የቡና ይዞታ ያለው ከፈቾ በውሉ የቀድሞ መብቱን በከፊል መልሶ ሲያገኝ፣ ማንጆው የሚያጣው የገበያ ቀኑን ነው።