«በምክንያታዊ የሕክምና እርግጠኝነት»፦ የአንድ ሐረግ ታሪክና የአማርኛ አተረጓጐሙ

በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በሚታዩ የአካል ጉዳት የካሳ ክርክሮች፣ ጠበቃው በባለሙያነት የቀረበለትን ሐኪም ብዙውን ጊዜ አንድ የታወቀ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ይኸውም «አስተያየትዎን የሚሰጡት በምክንያታዊ የሕክምና እርግጠኝነት ነውን?» የሚለው ነው። ሐኪሙ ካመነታ የተጎጂው ካሳ ሊቀር ይችላል። ከአማርኛ ተናጋሪ ተጎጂ አጠገብ የሚቀመጥ አስተርጓሚም ይህን ሐረግ በቅጽበት መመለስ አለበት። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የሐረጉን አመጣጥ አውስተን፣ ስለ አተረጓጐሙ የበኩላችንን ሐሳብ እናቀርባለን።

«ሪዝነብል ሜዲካል ሰርተንቲ» የሐኪሞች አነጋገር ይመስላል እንጂ ከሕክምና ትምህርት ቤት የወጣ አይደለም። ጉዳዩን ያጠኑ የሕግ ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፣ ሐረጉ እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1930ዎቹ ባሉት ዓመታት በቺካጎ የችሎት አሠራር ተለምዶ ወደ ሌሎች ግዛቶች የተዛመተ ነው። ሐኪም ሕመሙን ፈጽሞ ሳያረጋግጥ ሕክምና ሊጀምር ይችላል፤ ችሎት ግን «ይህ ጉዳት የመጣው ከዚያ አደጋ ነውን?» ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ይሻል። ሐረጉ ሁለቱን ለማስታረቅ ያገለግላል።

ይሁን እንጂ «እርግጠኝነት» የሚለው ቃል ያሳስታል። በአሜሪካ የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽ በጠቅላላው የሚጠበቅበት ነገሩ ካለመሆኑ ይልቅ መሆኑ እንደሚያመዝን፣ ማለትም ከመቶ ከ50 በላይ መሆኑን ማስረዳት ነው። በዚህም ምክንያት ሐረጉ ብዙ ትችት ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የራሱ የፎረንሲክ ባለሙያዎች «ምክንያታዊ ሳይንሳዊ እርግጠኝነት» ከማለት እንዲቆጠቡ አዘዘ፤ ትእዛዙ ግን የግል ወገኖች የሚከራከሩባቸውን የካሳ ጉዳዮች አይመለከትም።

የቃል ልዩነት ምን ያህል እንደሚመዝን የዳውበርት ጉዳይ ያሳያል። እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ቤንዴክቲን የተባለውን የማቅለሽለሽ መድኀኒት የወሰዱ ሁለት ልጆች የእጅና የእግር ጉድለት ይዘው በመወለዳቸው ካሳ ተጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 የባለሙያ ማስረጃ ተቀባይነት የሚመዘንበትን መስፈርት ወስኖ ጉዳዩን መለሰው። ይግባኝ ሰሚው ችሎት በ1995 እንዳመለከተው፣ መድኀኒቱ ጉድለቱን ሊያመጣ ይችላል ማለት ብቻ አይበቃም፤ አደጋውን ከእጥፍ በላይ እንደሚያሳድገው መረጋገጥ ነበረበት። ልጆቹም ተረቱ።

አማርኛችን ለእነዚህ ደረጃዎች የቃል ድኻ አይደለም። «ሊያመጣ ይችላል» ስለ ነገሩ አጠቃላይ ኀይል ይናገራል፤ «አምጥቶት ሊሆን ይችላል» በዚህ ሰው ላይ የደረሰውን በጥርጣሬ ያነሣል፤ «ያመጣው እርሱ ሳይሆን አይቀርም» ሚዛኑ ማጋደሉን ይገልጻል፤ «ያመጣው እርሱ ነው» ይቆርጣል። ስሕተቱ የሚፈጠረው «ፕሮባብሊ» በ«ምናልባት» ሲተረጐም ነው፤ «ምናልባት» ከጥርጣሬ አያልፍምና፣ ሐኪሙ ለተጎጂው ያጋደለውን ሚዛን አስተርጓሚው መልሶ ያቃናዋል። ትክክለኛው አቻ «ሳይሆን አይቀርም» ነው።

ሐረጉን በተመለከተ፣ የችሎት አስተርጓሚ የተነገረውን የማሻሻል ሥልጣን ስለሌለው፣ «በምክንያታዊ የሕክምና እርግጠኝነት» ብሎ ሳያጐድል እንዲያስተላልፍ እንመክራለን። «ምክንያታዊ» የሚለውን ጥሎ «በእርግጠኝነት» ማለት ሐኪሙ ያልማለበትን ማስማል ነው። የሐረጉን ሕጋዊ ፍች መስጠት ግን የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ተግባር ነው፤ ስለዚህ በሕክምናና በሕግ የቃላት መድበሎቻችን ውስጥ አራቱ ደረጃዎች በየራሳቸው መግቢያ ከነምሳሌያቸው ሊሰፍሩ ይገባል።