የጎንደር ግንብና የመተማ መንገድ

ስለ ጎንደር ግንብ ብዙ ሊቃውንት ጽፈዋል፤ የኔም አሳብ እነርሱ የጻፉትን ለመድገም አይደለም። ነገር ግን ከቆላ የመጣ ሰው ያንን ግንብ ሲመለከት የሚታሰበው ነገር ከደገኛው የተለየ ነው። ስለዚህ ከወላጆቼና ከታናናሾቼ ጋራ በአንድ ቀን ደርሰን ከተመለስንበት ጉዞ ያገኘሁትን ጥቂት የታሪክ አሳብ ለመጽሔታችን አንባቢዎች አቀርባለሁ።

ከሸኸዲ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ በነጋዴ ባሕርና በአይከል በኩል ያልፋል። ሌሊት በ11 ሰዓት ስንነሣ ሁላችንም ስስ ልብስ ለብሰን ነበር፤ አይከል ስንደርስ ግን እናቴ ጋቢዋን አውልቃ ለልጆቹ አለበሰች። የሰሊጡና የማሽላው አገር ወደ ኋላ ቀርቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ወደሚበልጠው ደጋ ወጣን። ይህ መንገድ ዛሬ የተገኘ አይደለም። ዐፄ ኢያሱን ለማከም የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1691 ዓ.ም. ከስናር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ጎንደር ገብቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1764 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ በዚሁ በቆላው በኩል ወርዶ ወደ ስናር አልፏል። የደጋው ቡናና ሰም በመተማ ገበያ ይሸጥ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያው ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበር መሸሸግ አይገባም።

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በ1628 ዓ.ም. ነው። የግቢው ቅጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ሲሆን 12 በሮች አሉት። የፋሲል ግንብ አራት ማዕዘኖቹ ክብ ሆነው በላያቸው እንደ እንቁላል የሾሉ ጉልላቶች ተሠርተውባቸዋል፤ ድንጋዩ የተያያዘውም በኖራ ነው። አባቴ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ፤ እናቴ ደግሞ የእቴጌ ምንትዋብን ቤት አይታ አልጠገበችም። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ አስጎብኚው በመልካም አነጋገር ገለጠልን።

አስጎብኚው ወደ አንድ ሕንፃ አመልክቶ «ይህ የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ነው» ባለ ጊዜ፥ የ9 ዓመት ወንድሜ ፈጥኖ፥

«አባዬ፥ እኛ አገር የሞቱት ንጉሥ ናቸው?» ሲል ጠየቀ።

ሰዎች ሣቁ። ይህ ቤት ከ1660 እስከ 1674 ዓ.ም. የነገሡት የፋሲል ልጅ የቀዳማዊ ዮሐንስ ነው፤ መተማ ላይ የወደቁት ግን አራተኛው ዮሐንስ ሲሆኑ ከ200 ዓመት በኋላ የመጡ ናቸው። አባቴ ግን አልሣቀም፤ «የእኛዎቹማ ኑሯቸው በድንኳን ነበር ልጄ፤ ወደእኛ የወረዱት ግን ይህ ከተማ ስለ ተቃጠለ ነው» አለው።

በበኩሌ የአባቴን ቃል ሳሰላስለው እውነት ሆኖ ሳለ ግማሽ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። በጥር 1880 ዓ.ም. የደርቡሽ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፥ ሕዝቡን ማረከ። ከቃጠሎው የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት፤ ጠላትን የመለሰው የንብ መንጋ ነው እያሉ ሽማግሎች ይተርካሉ። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ፥ በጥር 1879 ዓ.ም.፥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር መተማን አጥቅቶ አቃጥሏል፤ በዚያ የነበረው የደርቡሽ ሹም ወድ አርባብም ተገድሏል። ከሁለቱ ከተሞች አስቀድሞ የተቃጠለችው መተማ ናት ማለት ነው። የሣርና የእንጨት ቤት ሲቃጠል የሚታይ ፍርስራሽ አይተውምና ይህን ሐዘን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የጠቡም ሥር ወደ ኋላ ይሄዳል። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋራ ዐድዋ ላይ ውል ሲዋዋሉ፥ በደርቡሽ የተከበበውን የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል ለማስወጣት ተስማሙ። ቃላቸውንም ፈጸሙ፤ በመተማ በኩል የነበረው የግብፅ ጦርም ወጣ። እንግሊዝ ግን በሚከተለው ዓመት ኢጣሊያ ምፅዋን ስትይዝ አልከለከለችም። ንጉሡ ደርቡሽን ለራሳቸው ጠላት አድርገው ወረታቸውን ሳያገኙ ቀሩ። ከዘመቻው በፊትም ለአቡ አንጃ የሰላም ቃል ልከው ነበር፤ እኛ ብንዋጋ የሚጠቀሙት አውሮፓውያን ናቸው የሚል ነበር አሳቡ። የተመለሰላቸው መልስ ስድብ ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦሩ መተማን ከብቦ ምሽጉን ሰብሮ ገባ። ድሉ በእጅ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ቆሰሉ፤ ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ሠራዊቱ ማፈግፈግ ጀመረ። እርሳቸውም በማግሥቱ ዐረፉ። አቡ አንጃ ቀደም ብሎ ሞቶ ስለ ነበረ አዛዡ ዘኪ ጡማል ነበር፤ ተከታትሎ አስከሬናቸውን ማረከ፥ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። በዚያው ዓመት ክረምት ኢጣሊያኖች አሥመራ ገቡ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ የደርቡሽ መንግሥት በእንግሊዝ መድፍ ፈረሰ። ዮሐንስ በመልእክታቸው የፈሩት ነገር በሁለቱም ወገን ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ያለው በአጭሩ ይህ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋራ ድንበሩን ሲወስኑ ገላባት ለሱዳን፥ መተማ ለኢትዮጵያ ሆኑ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ገላባትን ከኢጣሊያ አስለቀቁ፤ መተማን ግን ያን ጊዜ ለመያዝ አልቻሉም። ጎንደር ያለው የኢጣሊያ ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን በዚያ ጦርነት የተጣለው ቦምብ የታላቁን ኢያሱን ቤት ይበልጥ ጎድቶታል።

ወደ ማታ ስንመለስ ወንድሜ የኛ ንጉሥ ግንብ የት ነው እያለ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር። አባቴም ከድንበሩ ወዲህ ያለችው ከተማ መተማ ዮሐንስ ተብላ እንደምትጠራ ነገረው። እርሱ ግን ስም ግንብ አይሆንም ብሎ ተከራከረ፤ እስከ ሸኸዲም አልተስማሙም።